ለደቻሳ ብዬ የወፈርኩበት ቅዳሜ

በዚህ መጽሔት ላይ የምትፈቀር ሴት ሁሉ ሸንቃጣ ናት። ጎረቤቴ ሰምሀል በየሳምንቱ ታነብልኛለች። የአንዷ ወገብ በሁለት እጅ ይታቀፋል፤ አንዷ ንፋስ የሚያወዛውዛት መቃ ትመስላለች፤ የሌላዋ አንገት ቀጭን፣ ጣት ቀጭን፣ ባት ቀጭን። ወንዱ ያያትና ልቡ ይቀልጣል። እኔ አዳምጣለሁ፣ ያንገበግበኛል። እኔስ? እኔም እኮ እንደዚያው ነበርኩ! የኔ ወገብ በአንድ እጅ ይያዝ ነበር። ግን እኔ እንደዚያ በነበርኩበት ዘመን ልቡ የቀለጠ ሰው አላየሁም። "ምስኪን፣ ሳምባዋን ታማ ነው" እያሉ ከንፈር ይመጡልኝ ነበር።

ሰምሀልን "እስቲ የኔንም ጻፊው" ብላት ሳቀች።

"እማማ ደሳለች፣ ይሄ እኮ የፍቅር ልቦለድ ነው" አለችኝ።

"ታዲያ የኔ ምንድን ነው? የዕድር ስብሰባ ነው?"

"አይ... ማለቴ፣ የሚያነቡት ወጣቶች ናቸው።"

ያናደደኝ ይሄ ነው። ሰባ ዓመት የሞላት ሴት ጉልበቷን ያማታል ቢሏችሁ ታምናላችሁ፤ ልቧን ያማታል ሲሏችሁ ግን ሐኪም ትጠራላችሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አፍ ግን አልተነፈግኩም። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ፣ እንዳታሳምሪው፣ ብዬ አስቀመጥኳት። እነሆ።

እኔ ቀጭን የሆንኩት ፈልጌ አይደለም። ያደግኩት ከቁስቋም በላይ ካለው ባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ሰብስቤ ሽሮ ሜዳ እያወረድኩ ነው። ከኔ የሚበልጥ ሸክም ጀርባዬ ላይ ታስሮ ቁልቁለቱን ስሮጥ ስጋ የት ላይ ተደላድሎ ይቀመጥ? ደቻሳ ደግሞ የፈረስ ቤት ልጅ ነበር። ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ሰፊ ግቢ የአባቱ ነው፤ ከብት አለ፣ ጭሰኛ አለ። እሱ ፈረሱ ላይ ሆኖ ሲያልፈኝ ልጓሙን ሳብ ያደርጋል። እኔ ከሸክሜ ስር አንገቴን ቀና አድርጌ አየዋለሁ። እንደዚያ አጎንብሼ ፊቱን ለማየት ምን ያህል አንገቴን እንዳጣመምኩ አንገቴ ዛሬም ያስታውሳል።

አንድ ቀን ቆመና "አውርጂው፣ ልርዳሽ" አለኝ።

"አንተ መጀመሪያ ከፈረሱ ውረድ" አልኩት።

ሳቀ። ወረደም። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ፈረሱ እየተጎተተ፣ እሱ በእግሩ፣ እኔ ከነሸክሜ ጎን ለጎን ስንሄድ ያላየን የለም። እናቱንም "ደሳለችን ካልሆነ አላገባም" አላት።

በዚያ ዘመን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጁ እናት ልጅቷን ታያታለች። ዓይን ብቻ አይበቃም፣ በእጅ ነው የሚታየው። እናቱ ሁለት ሴቶች አስከትላ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገኘችኝ። ሰላም አለችኝና የእጄን አንጓ በአውራ ጣቷና በመሃል ጣቷ ከበበችው። ሥጋ ያላት ልጅ ስትሆን ጣቶቹ አይገናኙም፤ ያኔ "ጤነኛ ናት፣ ትወልዳለች፣ ትከብዳለች" ይባላል። የሷ ጣቶች እኔ ላይ ተገናኙ፤ አልፈው ተደራረቡ። እጄን የጋለ ብረት እንደያዘ ሰው ለቀቀችው።

"ይቺን አግብተህ ልታስታምም ነው? ክረምቱን አትዘልቅም" አለችው፤ እኔ እየሰማሁ።

ደቻሳ ልጓሙን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ፈረሱ አሽካካ። እሱ ግን ምንም አላለም።

የሱሉልታ ልጅ አጋቡት። ስትስቅ ጉንጯ ዓይኗን የሚጋርደው፣ ክንዷ አምባር የሚያስጨንቅ፣ የደስ ደስ ያላት ልጅ። በሠርጉ ቀን ሸክሜን ይዤ በግቢው አጥር ስር ሳልፍ እልልታው ከላይ ይወርድብኝ ነበር። እኔም በኋላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። ክረምቱንም ዘለቅኩ። ያቺን እናቱንም ቀበርኳት፤ ንፍሮዋንም በላሁ። ግን የዚያች ሴት ጣት ከእጄ ላይ አልወርድ አለኝ። ስታጠብ ይሰማኛል።

አሁን ዘመኑ ተገለበጠ። ዱሮ "ወፈርሽ" ካሉሽ ምርቃት ነበር፤ ዛሬ "ወፈርሽ" በያት አንዷን፣ ዓመት ታኮርፍሻለች። እኛ የሚበላ ለማግኘት የወጣነውን ዳገት፣ ዛሬ የበሉትን ለማራገፍ በጠባብ ሱሪ እየሮጡ ይወጡታል። ጭራሮ የተሸከሙት ሴቶች ግን ዛሬም ይወርዳሉ፤ መንገድ እየለቀቁላቸው። ሁለቱም ቀጫጮች ናቸው፤ አንደኛዋን "እንዴት አምሮባታል" ይሏታል፣ አንደኛዋን አያዩአትም።

የደቻሳ የመጨረሻ ልጅ ሊሚ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ስኳርና ደም ግፊት ያለብንን ሽማግሎችና አሮጊቶች ሰብስባ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ታስወጣናለች። ከመነሳታችን በፊት ከቁስቋም በላይ ባለችው ሜዳ ሚዛኗን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ትመዝነናለች። እኔ ስኳርም ግፊትም የለብኝም። ጎረቤቶቼ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዎቹ መሃል ጋቢ የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ ረጅም ሽማግሌ ዞር ብሎ አየኝ። ቆመ። ልጓም የሚስብ መሰለኝ።

"ደሳለች?" አለ። "አልሞትሽም?"

"የእናትህ ቃል እስኪደርስልኝ እየጠበቅሁ ነው" አልኩት።

ሳቀ። ያንኑ ሳቅ። ጥርሶቹ ጎድለዋል፣ ሳቁ ግን አልጎደለም። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። በግቢው ካለችው ዛፍ ኮክ ለቅሞ፣ በጋቢው ጠርጎ ጠርጎ፣ ለኔ ብቻ ይሰጠኛል። "ባለፈው አንቺ ልጅ ሆነሽ ኮክ ስትሰርቂን አይቼ ዝም ብያለሁ" ይለኛል። "ባለፈው" የሚለው ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ነው። ኮኩን ስበላ ጭማቂው በአገጬ ሲወርድ ያየኛል፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ቀስ ብዬ እበላለሁ።

ሁሉ ነገር ደህና ነበር፣ ባዩሽ ባትኖር።

ባዩሽን ጉለሌ ሁሉ ያውቃታል። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላት። እኩያዬ ናት። ልጅ ሆነን እሷ ስታልፍ ወንዶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር፤ ሞላ ያለች፣ ቀላ ያለች፣ ስትራመድ መሬቱ የሚደሰትላት። እኔ ከኋላዋ ሳልፍ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ዛሬም ግርማዋ አለ፤ እሷ ግን "ዳይት ላይ ነኝ" ትላለች። ሚዛኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ጫማዋን ታወልቃለች፣ ነጠላዋን ታወልቃለች፣ የአንገት ወርቋን፣ ጆሮዋ ላይ ያለውን፣ የጸጉሯን መያዣ ሳይቀር። ነፍስ የሚወልቅ ቢሆን አውልቃ ለሊሚ ታስይዛት ነበር።

"እትዬ ደሳለች፣ አንቺማ ታድለሻል፤ ዳገቱን ንፋሱ ያወጣሻል" ትለኛለች።

"እትዬ የምትይው ማንን ነው? ክርስትና የተነሳነው ባንድ ቀን ነው።"

"ፊትሽ ታላቄ አስመሰለሽ፣ ምን ላድርግ?"

ከባለፈው ቅዳሜ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ባዩሽ ትንፋሿ አጠረ። "ደቻሳዬ፣ እስቲ ክንድህን" አለች። ደቻሳዬ! ሰጣት። ሁለት እጇን አጣምራ ያዘችው። ምርኩዝ እንደዚያ አይያዝም፤ እንደዚያ የሚያዘው ባል ነው። ሙሉ ትከሻዋን አስደግፋው፣ እሱም አንገቱን ወደሷ አዘንብሎ እያወራላት ወጡ። ምን እንደሚያወራላት አልሰማም፤ የሷን "ውይ! እውነትህን ነው?" ብቻ ነው የሚሰማኝ። እኔ ከፊት ነኝ። ትንፋሼ አላጠረም፣ ጉልበቴ አልከዳኝም፣ ማንም ክንዱን ሊሰጠኝ ምክንያት የለውም። ጤና እንዲህ እንደሚጎዳ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እየዞርኩ ባየኋቸው ቁጥር ሆዴ ውስጥ ቃሪያ የተከተፈ መሰለኝ፤ ለመውደቅ ሁሉ አሰብኩ። ኩራቴ አልወድቅ አለ።

ስንመለስ ነው ነገሩ የባሰው። ከቤተክርስቲያኑ አጥር ጥግ ጫማዬ ውስጥ የገባውን ጠጠር ላራግፍ ቁጭ ብያለሁ። ከወዲያ በኩል ሊሚና አባቷ ቆመው ያወራሉ።

"አባዬ" አለች ሊሚ፣ "የእማማ ደሳለች ክብደት ምንም ደስ አላለኝም። አጥንት ብቻ ናቸው እኮ።"

ደቻሳ "እናቴም እንደዚሁ ብላ ነበር" አለ።

የቀረውን ለመስማት አልቆየሁም። ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ወረድኩ። የሱ እናት ሞታ የሱ ልጅ ተተካች! ያኔ በጣት ለኩኝ፣ ዛሬ በሚዛን። ያኔም ዝም አለ፣ ዛሬም "እናቴ ልክ ነበረች" ሊል ነው። ባዩሽ ደግሞ ክንዱን ይዛ ዳገቱን ልትጨርስ። ቤቴ ገብቼ የእጄን አንጓ በራሴ ጣቶች ከበብኩት። ተገናኙ። ተደራረቡ። ሰባ ዓመት ሙሉ አንዲት ጣት አልጨመርኩም። ምድጃው ፊት ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ደግሞ ለሱ አይደለም፣ ለዚያች ሸክም ለተሸከመችው ልጅ ነው። ማንም አላቀፋትም ነበርና።

ማልቀስ ግን ስራ አይሆንም። እወፍራለሁ አልኩ።

ሳምንቱን ገንፎ በቅቤ በላሁ። አጥሚት ጠጣሁ። ተልባ በማር ጠጣሁ። የሚበላው የት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ፤ አርብ ዕለት ቀሚሴን ብለካው ያው ነው፣ እንዲያውም ሆዴ ታውኮ ቀንሻለሁ። ነገ ባዩሽ ክንዱን ልትይዝ ነው። ያን ጊዜ ዓይኔ የጓዳው በር ስር አረፈ። የእናቴ የወፍጮ መጅ አለ። ወፍጮ ቤት ከተከፈተ ወዲህ በር ከማስደገፍ ሌላ ስራ አልነበረውም፤ ጠፍጣፋ፣ ለስላሳ፣ ለሆድ ልክ የሆነ ድንጋይ።

ቅዳሜ ጠዋት መጁን ሆዴ ላይ አድርጌ መቀነቱን ደጋግሜ ጠመጠምኩበት። ከላዩ ቀሚስ፣ ከቀሚሱ ላይ ሌላ ቀሚስ፣ ከዚያ የክረምቱን ሹራብ፣ ከዚያ ካፖርት። ስወጣ ሰውነቴ በሩን ሞላው። መንገድ ላይ ያገኘችኝ የዱሮ ሰው "ውይ ደሳለች፣ ተመችቶሻል! አምሮብሻል!" አለችኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን ያንን ቃል ማንም ብሎኝ አያውቅም። ድንጋይ ተሸክሜ ነው የሰማሁት፣ ግን ሰማሁት።

ሜዳው ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። ደቻሳ ኮኩን በጋቢው ጫፍ ይዞ ይጠብቀኛል። አየኝ። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሆዴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እግሬን አየ። ሲያየኝ ሰውነቴን የወደደው መሰለኝና ደረቴን ነፋሁ።

ባዩሽ ወርቋን እያወለቀች ከላይ እስከታች መረመረችኝ። "ምን በላሽ አንቺ? እኔ የጣልኩትን ሁሉ አንቺ እየለቀምሽ ነው እንዴ?"

"የተረፈሽ ካለ አምጪው" አልኳትና ሚዛኑ ላይ ከነጫማዬ ወጣሁ።

ሊሚ ጎንበስ ብላ አነበበች። ጣቷን በመስታወቱ ላይ አሻሸች። እንደገና አነበበች።

"እስቲ ወርደው ይውጡ፣ እማማ።"

ወርጄ ወጣሁ። ከመቼው ፊቷ ተለወጠ። ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም፤ እኔ ያሰብኩት "ጎበዝ!" ስትለኝ ነው። ሊሚ መሬት ላይ ተንበርክካ የእግሬን አጥንት በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችው።

"ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

"ዛሬ ዳገቱ ላይ አጥሮኛል" አልኩ። እውነቴን ነበር።

"ሲተኙስ? ትራስ ይደራርባሉ?"

"ምን አገባሽ በትራሴ?"

"እማማ፣ ባለፈው ቅዳሜ አርባ አንድ ነበሩ። አሁን አርባ ስምንት ነው የሚለው። ሰው በአንድ ሳምንት እንዲህ አይወፍርም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ግን ሁሉም ሰማ። "ይሄ ስጋ አይደለም። ውሃ ነው። ልብ ሲደክም ሰውነት ውሃ ያጠራቅማል። አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለብዎት።" ብላ ስልኳን አወጣች።

ከኋላዬ የሆነ ነገር ተንከባለለ። ኮክ ነው። ደቻሳ የጋቢውን ጫፍ ለቆት ኮኩ ሁሉ ቁልቁለቱን ይወርዳል። እሱ ራሱ ከዘራውን ይዞ ቀስ እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"እናትሽም እንዲህ ነው የጀመራት" አለ። ልጁን ነው የሚያናግራት፣ ግን የሚያየው መሬቱን ነው። "ፊቷ ሞላ። ክንዷ ሞላ። መንደሩ ሁሉ 'ደቻሳ፣ ሚስትህን እንዴት አድርገህ ነው የያዝካት፣ እንዴት ተመችቷታል' እያለ ያመሰግነኝ ነበር። እኔም እኮራ ነበር። ስታብጥ እኮራ ነበር እኮ ሊሚ! ድክም ይለኛል ስትለኝ 'ምን ሆነሽ፣ ይሄን የመሰለ ጤና ይዘሽ' እላት ነበር። እየኮራሁባት ቀበርኳት።"

እኔ፣ እግዜር ይየኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ለሞተችው ሴት ሲያለቅስ ቀናሁ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ከሸክሜ ስር ሆኜ ቀና ብዬ ሳየው እንደነበረው፤ አሁን ከታች እሱ ነው፣ ከላይ እኔ ነኝ።

"ደሳለች፣ አንቺም?" አለኝ። "አሁን ባገኘሁሽ? ጨርሼ ሳልጠይቅሽ?"

ባዩሽ ባጠገቤ ቆማለች፤ ባዶ እግሯን፣ ወርቋን በመዳፏ ይዛ። ድንጋዩን ካወጣሁት ባዩሽ እስክትሞት ትስቅብኛለች፤ ሽሮ ሜዳ ሁሉ ይሰማል። ካላወጣሁት ይሄ ሰው እዚህ መሬት ላይ ይቀራል። አንድ ቃል ሳልናገር ቆይቼ፣ ሲያለቅስልኝ ትንሽ ላየው ፈልጌ ነበር፤ ይሄንንም አልደብቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ማን አለቀሰልኝና? ግን ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አላስቻለኝም።

ካፖርቴን ፈታሁ። ሹራቤን አወለቅኩ። ሊሚ "እማማ፣ ይበርድዎታል፣ ምን እያደረጉ ነው?" ትላለች። ቀሚሱን በቀሚሱ ላይ ገልቤ መቀነቱን መፍታት ጀመርኩ፤ ዞሮ ዞሮ አያልቅም። ሲያልቅ መጁ ሾልኮ ሚዛኑ ላይ ወደቀ። እግሬን ለጥቂት ሳተው። ሚዛኑ ጮኸ።

ሁሉም ድንጋዩን አዩ።

"መጅ?" አለች ባዩሽ። "መጅ ነው? የወፍጮ መጅ?"

"አይ፣ ዳቦ ነው" አልኳት።

ሳቀች። ስትስቅ ሰውነቷ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ዳገቱን ሲወርዱ የነበሩ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ሳይቀሩ ቆመው ሳቁ። ሊሚ ጭንቅላቷን ይዛ "ኧረ እማማ! ኧረ እማማ!" ትላለች። ደቻሳ ብቻ አልሳቀም።

"ለምን?" አለኝ። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። "ለምን ታደርጊያለሽ?"

"ልጅህ ሰውነቴን አልወደደችውማ! አጥንት ናት አለችህ። አንተም 'እናቴም እንደዚሁ ብላ ነበር' አልካት። አጥሩ ስር ነበርኩ። በሁለት ትውልድ ተመዝኜ ወደቅኩ፤ ምን ላድርግ? ስጋ ባጣ ድንጋይ አሰርኩ!"

ሊሚ ሳቋ ጠፋ። "እማማ፣ እኔ እኮ ደም ይመርመሩ ልል ነው። እንቁላል ይብሉ፣ ወተት ይጠጡ ልል ነው። በርስዎ ዕድሜ እንዲህ መክሳት ጥሩ አይደለም። እማማ ባዩሽን ይቀንሱ እላለሁ፣ እርስዎን ይጨምሩ እላለሁ። በቃ። ዱሮ ወፍራም ሁሉ ጤነኛ ነው ብለው እናቴን አሳጡኝ፤ አሁን ደግሞ ቀጭን ሁሉ ጤነኛ ነው ብዬ እርስዎን ላጣ?"

"እርስዎን ላጣ" ማለቷ ልቤ ውስጥ ገባ። ግን ገና አልጨረስኩም።

"አንተስ?" አልኩት።

ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። "አንቺ ሁልጊዜ ግማሽ ሰምተሽ ነው የምትሮጪው። 'እናቴም እንደዚሁ ብላ ነበር፤ ያኔ ልጓም ይዤ ዝም አልኩ' ነው ያልኳት። 'አሁን ዝም አልልም' አልኳት። 'ትክሳም ትወፍርም፣ የታመመች እንደሆነ አስታምማታለሁ' አልኳት። ሊሚን ጠይቂያት።"

ሊሚ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"የባዩሽ ክንድስ?" አልኩ። ምን ላድርግ፣ ቃሪያው ሆዴ ውስጥ ገና አልወጣም።

ይሄኔ ባዩሽ ሳቋን ቀጥ አደረገች። "አንቺ ሴትዮ፣ ልብ የለሽም? በእኔ ነው የምትቀኚው?" አለች። "ድፍን ጉለሌ ሲያየኝ የኖርኩ ሴትዮ፣ ዛሬ የልጅ ልጆቼ 'አያዬ፣ ኬክ ይቅርብሽ' ይሉኛል። ድሮ ያስመሰገነኝ ሰውነት ዛሬ ጥፋት ሆኖ ሚዛን ላይ ያስቆመኛል። አንቺ ያንን ዳገት እንደ ፍየል ስትወጪ ከኋላ እያየሁ ስንቱን እራት ተውኩ። ክንዱን ያዝኩ፣ አዎ። ልወስደው ነበር፣ አዎ! ዳገቱን ሙሉ ምን ሲያወራልኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ደሳለች እንዲህ ብላኝ ነበር፣ ደሳለች እንዲያ ብላኝ ነበር፣ ደሳለች ከፈረሱ ውረድ አለችኝ። ከዳገቱ ይልቅ ያደከምሽኝ አንቺ ነሽ።"

አዘንኩላት። ደስም አለኝ። የትኛው ይበልጥ እንደነበር ለቄሴ እነግራለሁ፣ ለናንተ አልነግርም። ከመሬት ነጠላዋን አንስቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። "ልበሺ፣ ይበርድሻል። ይሄን የመሰለ ትከሻ አውልቀሽ ምን ታገኛለሽ?" አልኳት። አፍንጫዋን በነጠላው ጠረገች። እትዬ ግን አላለችኝም።

ደቻሳ ወደኔ መጣ። እጄን አነሳ። የእጄን አንጓ በአውራ ጣቱና በመሃል ጣቱ ከበበው፤ ያችው ቦታ ላይ። ጣቶቹ ተገናኙ። አልፈው ተደራረቡ። እስኪለቀው ጠበቅኩ። ሃምሳ ዓመት የለመድኩት ያንን ነው። አልለቀቀም።

"በይ ምን ላድርግልሽ?" አለኝ። "ንገሪኝ፣ አደርጋለሁ።"

ሊሚ ታየናለች። ባዩሽ ታየናለች። ጭራሮ የተሸከሙት ሴቶች ከሸክማቸው ስር አንገታቸውን አጣመው ያዩናል። እኔም ድንጋዩን አሳየሁት።

"ስማኝ ደቻሳ" አልኩት። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎችህን ደጄ ላይ አያለሁ፤ ሦስት ሽማግሌ፣ ወጉን ጠብቀው፣ 'ልጅቷን ስጡን' ይላሉ። የሚሰጠኝ ሰው ስላልቀረ እኔው ራሴን እሰጣለሁ። ግን እሱ የእሑድ ነው። አሁን ይሄን መጅ ታነሳዋለህ። በጋቢህ ጀርባህ ላይ ታስረዋለህ። እኔ ጭራሮ ባወረድኩበት ቁልቁለት፣ በእናትህ ግቢ አጥር ስር አድርገህ፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ እስከ ቤቴ ተሸክመህ ትወርዳለህ። ማንን እንደተሸከምክ ከጠየቁህም አትደብቅ፣ ስሜን ትጠራለህ። አሁን ፈረስ የለም። ተሸከምና ቅደም።"